ከትንሽ ከተማ ተነሥቶ በሙዚቃ ሥራ ራስን ስለ መቻል

(ከራዲዮ ንግግር የተወሰደ)



የጥበብ ሰው ዕድሉ ያለው በትልቅ ከተማ ነው የሚለው አሳብ በብዙ ሰው ልብ ሥር ሰዷል። በአንዲት ትንሽ ከተማ ጊታር ሲመታ ጎረቤት የሚያደንቀው ወጣት ቢገኝ፥ ዘመዶቹ የሚሰጡት ምክር ከሁለቱ አንዱ ነው። ወይ «ይህን ጨዋታ ትተህ ደመወዝ ያለው ሥራ ያዝ» ይሉታል፤ ወይም «እዚህ ተቀምጠህ ማን ያይሃል? ወደ ትልቁ ከተማ ሂድ» ይሉታል። ሁለቱም ምክሮች ከፍቅር የመነጩ ናቸው። ዳሩ ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ሳይመረምሩ ያልፋሉ፤ ይኸውም ወጣቱ ባለበት ከተማ ተቀምጦ፥ ሥራውንም በገዛ እጁ ይዞ፥ በሙዚቃው ሊኖር ይችል እንደ ሆነ ነው።

ይህን ጥያቄ ዛሬ የምንመረምረው በአንድ እውነተኛ ምሳሌ ነው። ምሳሌው የተገኘው በአሜሪካ፥ በጆርጂያ ግዛት፥ አቴንስ በምትባል የተማሪዎች ከተማ ነው። ሙዚቃውም ሮክ የሚባለው ነው። ስለ ሮክ ሙዚቃ መነጋገር ለመሥሪያ ቤት ሰው ምን ይጠቅመዋል የሚል ቢኖር፥ ነገሩ ከዘፈኑ ይልቅ ስለ ውል፥ ስለ ሒሳብ፥ ስለ ባልንጀርነትና ስለ ትዕግሥት የሚናገር መሆኑን ወደ ፊት ያገኘዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ገንዘቡ በማን እጅ ያልፋል?

ሮክ በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ከጥቁር ሕዝብ የብሉዝ ዜማና ከደቡብ የገጠር ዘፈን ተዋሕዶ የተወለደ፥ በኤሌክትሪክ ጊታርና በከበሮ የሚመራ ሙዚቃ ነው። ለመጫወት ብዙ ሰው አይሻም፤ ሦስት ወይም አራት ጓደኞች ይበቁታል። ነገር ግን የተጫወቱትን በሸክላ አስቀርጾ፥ አባዝቶ፥ በየሱቁ አከፋፍሎና በራዲዮ አሰምቶ ለሕዝብ ማድረስ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ነበረ፥ ይህ ሥራ በአብዛኛው በኒው ዮርክና በሎስ አንጀለስ በተቀመጡ ጥቂት ታላላቅ ኩባንያዎች እጅ ነበር።

ኩባንያው አንድ የሙዚቃ ጓድ ሲያስፈርም ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጣል። ወጣቶቹ ይህን ገንዘብ ሲቀበሉ ስጦታ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን ወደ ብድር ይጠጋል፤ ቅድሚያውና እንደ ልማዱም የቀረጻው ወጪ ለሙዚቀኞቹ ከሚደርሳቸው የሽያጭ ድርሻ ላይ ተቀናሽ ይሆናል። ድርሻቸው ከእያንዳንዱ ሸክላ ዋጋ ጥቂቱ እጅ ብቻ ስለ ሆነ፥ ብዙ ሺህ ሸክላ ተሸጦ ሳለ እነርሱ ገና ባለ ዕዳ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ።

ከዚህም ሌላ፥ አንድ ዘፈን በሕግ ፊት ሁለት ንብረት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ ይኸውም ግጥሙና ዜማው ነው። ሁለተኛው በሸክላ የተቀረጸው ድምፅ፥ ማስተር የሚሉት ዋናው ቅጂ ነው። መሬቱ የአንድ ሰው፥ በላዩ የተሠራው ቤት የሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል፥ እንደዚሁም ድርሰቱ በአንድ ወገን፥ ቅጂው በሌላ ወገን እጅ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይለይ የሚፈርም ወጣት ከብዙ ዓመት በኋላ የገዛ ዘፈኑን በራዲዮ እየሰማ ከገንዘቡ የማይካፈል እንግዳ ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ ራሱን የቻለ ሙዚቀኛ የምንለው ከማንም ጋር የማይዋዋለውን አይደለም። ምን እንደሚጫወት፥ ከማን ጋር እንደሚሠራና ንብረቱ በማን እጅ እንደሚቀመጥ ራሱ የሚወስነውን ማለታችን ነው።

የአቴንስ ከተማ ሁኔታ

አቴንስ ስሟን ከግሪክ ዋና ከተማ የወሰደች፥ ከአትላንታ 110 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ከተማ ናት። በ1980 የነዋሪዎቿ ቍጥር 40,000 ያህል ነበረ። ከኒው ዮርክ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ፥ የታላላቆቹ ኩባንያዎች ሰዎች ወደዚያ የሚሄዱበት ምክንያት አልነበራቸውም።

ይሁን እንጂ ከተማይቱ ሀብት አልባ አልነበረችም። በ1785 የተቋቋመው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ በዚያ አለ። ከዩኒቨርሲቲው የተነሣ ከተማይቱ ብዙ ወጣት፥ ርካሽ የኪራይ ቤት፥ የሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍልና ተማሪዎች ራሳቸው የሚያካሂዱት የራዲዮ ጣቢያ ነበሯት። አዲስ ሸክላ የሚገኝባቸው ሱቆችም ነበሩ። ከሁሉም በላይ ርካሹ ኪራይ ትልቅ ዋጋ ነበረው። በውድ ከተማ የሚኖር ሙዚቀኛ ኪራዩን ለመክፈል ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ ሲሠራ ይውልና ለልምምዱ ድካሙን ብቻ ይዞ ይመጣል። በርካሽ ከተማ የሚኖረው ግን በሳምንት ጥቂት ቀን ሠርቶ የቀረውን ጊዜ ለሙያው ያውለዋል። ስለዚህ የትንሽ ከተማ የመጀመሪያ ስጦታ ጊዜ ነው ማለት እንችላለን።

ሁለተኛው ስጦታ መሳሳት የሚቻልበት ስፍራ መኖሩ ነው። የአቴንስ ወጣቶች መጀመሪያ የተጫወቱት በየመኖሪያ ቤቱ በሚደረግ ግብዣ ነበር። በ1978 ከርቲስ ክሮው የተባለ ወጣት በፎቅ ላይ በተከራየው ክፍል ግብዣ ሲያደርግ፥ ክፍሉን የሚያበራው አንድ ባለ 40 ዋት አምፑል ብቻ ስለ ነበረ ስፍራው «40 ዋት» ተባለ ይላሉ። ከዚህ ስያሜ የተነሣው የሙዚቃ ክለብ ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላው እየተዛወረ እስከ ዛሬ ቆይቷል። በእንዲህ ያለው ክፍል የሚጫወት ጀማሪ ቢሳሳት የሚስቁበት የሚያውቁት ሰዎች ናቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንትም አርሞ እንደ ገና ይቀርባል።

መንገዱን በመጀመሪያ የከፈቱት ቢ ፊፍቲ ቱስ የተባሉት አምስት ወጣቶች ናቸው። በየካቲት 1977 በጓደኞቻቸው ቤት ግብዣ ተጫውተው ጀመሩ፤ በ1978 በአትላንታ ባለ አንድ ትንሽ አሳታሚ በኩል የመጀመሪያ ሸክላቸውን አወጡ፤ ወዲያው ዝናቸው ስለ ገነነ ከታላቅ ኩባንያ ጋር ተዋውለው ወደ ኒው ዮርክ አካባቢ ተሻገሩ። የእነርሱ መሄድ ለቀሩት ሁለት ነገር አስተማረ። ከአቴንስ የተነሣ ድምፅ በሩቅ ሊሰማ እንደሚችል አሳየ፤ ዝና ሲመጣ ግን ከተማን ትቶ መሄድ የግድ ነውን? የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ከፈተ።

አራቱ ወጣቶች

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡት አር. ኢ. ኤም. የተባለው ጓድ አባሎች ናቸው። ጊታር መቺው ፒተር ባክ በአቴንስ በአንድ የሸክላ ሱቅ ሻጭ ነበረ፤ ዘፋኙን ማይክል ስታይፕን የተዋወቀው በዚሁ ሱቅ ነው። ቤዝ ጊታር የሚመታው ማይክ ሚልስና ከበሮ መቺው ቢል ቤሪ ሜከን ከተባለችው የጆርጂያ ከተማ አብረው የመጡ የትምህርት ቤት ጓደኞች ነበሩ። አራቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የተጫወቱት ሚያዝያ 5 ቀን 1980 ለአንድ የልደት በዓል፥ ወደ መኖሪያነት በተለወጠ አሮጌ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ ነው። በዚያን ቀን የጓዱ ስም ገና አልወጣም ነበር፤ በኋላ መዝገበ ቃላት ገልጠው መረጡት።

በዚያው ዓመት ወደ ኖርዝ ካሮላይና ሄደው ሲጫወቱ ጄፈርሰን ሆልት የተባለ ሰው ሰምቷቸው እጅግ ስለ ወደዳቸው፥ ወደ አቴንስ ተዛውሮ ሥራ አስኪያጃቸው ሆነ። ባንድ አሮጌ ሰማያዊ የጭነት መኪና መሣሪያቸውን ጭነው፥ መሪውን እርሱ እየያዘ፥ በደቡብ ከተሞች ዞሩ። እንዲህ ያለውን ሙዚቃ የሚቀበሉ ክለቦች የተያያዘ መሥመር ገና ስላልነበራቸው ጉዞው አድካሚ ነበረ። በዚያን ጊዜ የእያንዳንዱ ሰው የምግብ አበል በቀን 2 ዶላር ነበረ።

ይህን የ2 ዶላር አበል አንባብያን ቀላል አድርገው እንዳያልፉት እንለምናለን። ከትንሽ ከተማ የሚነሣ ሙዚቀኛ ራሱን ችሎ የሚኖረው ገቢው ከፍ ስላለ ሳይሆን ወጪው ዝቅ ስላለ ነውና። ወጪው ዝቅተኛ የሆነ ጓድ ክፉ ውል ሲቀርብለት «አይሆንም» ለማለት ኀይል አለው። ዕዳ ያለበት ግን የቀረበለትን ሁሉ ይፈርማል።

ጉዞው ሌላም ጥቅም ነበረው። በየዩኒቨርሲቲው ከተማ እንደ አቴንስ ያለ የተማሪዎች ራዲዮና የሸክላ ሱቅ ነበረ። ጓዱ በአንድ ከተማ ተጫውቶ ሲሄድ 30 ሰው ወዳጅ ትቶ ይሄዳል፤ ሲመለስ ሠላሳው ጓደኞቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። እንዲህ ሲሆን ታላላቆቹ ኩባንያዎች ያልገነቡት፥ ከትንሽ ከተማ ወደ ትንሽ ከተማ የሚወስድ የራሱ የሆነ መንገድ ተሠራ።

አንድ ሺህ ሸክላና የተረሳው አድራሻ

በሚያዝያ 1981 ጓዱ በኖርዝ ካሮላይና፥ በዊንስተን ሴለም ከተማ ወደሚገኝ ትንሽ የቀረጻ ክፍል ሄደ። ክፍሉን ያቋቋመው ሚች ኢስተር የተባለ ሙዚቀኛ ሲሆን፥ ስፍራው የወላጆቹ ቤት ጋራዥ ነበረ። በዚያ ከተቀረጹት መካከል «ራዲዮ ፍሪ ዩሮፕ» የተባለው ዘፈን በሐምሌ ወር ሂብ ቶን በተባለ ትንሽ የአትላንታ አሳታሚ በኩል ወጣ። የታተመው 1,000 ሸክላ ብቻ ነበረ፤ ከዚህም ውስጥ 600ው ለጋዜጦችና ለራዲዮ ጣቢያዎች በነፃ ታደለ።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ጉድለት ነበረ። በመጀመሪያው እትም ላይ የአሳታሚው አድራሻ ተረስቶ አልተጻፈም። ደብዳቤ ጽፎ አድራሻውን እንደ መርሳት ያለ ነው። ይሁን እንጂ ሸክላው በቶሎ አለቀና ሌላ 6,000 ታተመ። ኒው ዮርክ ታይምስም ዘፈኑን ከዓመቱ 10 ምርጥ ሸክላዎች አንዱ አድርጎ ቈጠረው። የሁለቱ ዘፈኖች የድርሰት መብት ግን በመጀመሪያው ስምምነት ወደ አሳታሚው ሄዶ ስለ ነበረ፥ ጓዱ በኋላ ገንዘብ ከፍሎ አስመለሰው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ይስማማል። በጽሑፍ የተሰጠ መብት የሚመለሰው በዋጋ ነው።

ታላቁን ትቶ ታናሹን ስለ መምረጥ

ከዚህ በኋላ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ወሬውን ሰሙ። አር. ሲ. ኤ. የተባለው አንጋፋ ኩባንያ ሊያስፈርማቸው ፈለገ። እነርሱ ግን በግንቦት 1982 የፈረሙት በ1979 ከተቋቋመው አይ. አር. ኤስ. ከተባለ አነስተኛ ኩባንያ ጋር ነው። በዚህ ረገድ እውነቱን መሸሸግ አይገባም፤ ትውውቅም ረድቷቸዋል። ቢል ቤሪ በሜከን በአንድ የሙዚቃ ጉዞ አዘጋጅ ቢሮ በሠራ ጊዜ የኩባንያውን መሥራች ወንድም አውቆ ነበርና። ትውውቁ በሩን ከፈተ፤ በበሩ ያስገባቸው ግን በእጃቸው የነበረው ሥራና በየከተማው የሚጠብቃቸው አድማጭ ነው።

አነስተኛውን ኩባንያ የመረጡበት ምክንያት ወዲያው በሥራ ተፈተነ። ለመጀመሪያው ረዥም ሸክላቸው ኩባንያው የራሱን የቀረጻ መሪ መድቦላቸው ነበረ። ይህ ሰው አንዱን ዘፈን ደጋግሞ ካስጫወታቸው በኋላ ቅጂውን ወደ ቦስተን ወስዶ፥ እነርሱን ሳያስፈቅድ የኪቦርድ ድምፅ ጨመረበት። ሙዚቀኞቹ ይህን በሰሙ ጊዜ ቅር ተሰኝተው፥ በጋራዡ ውስጥ ከሚያውቃቸው ከሚች ኢስተር ጋር መሥራት እንፈልጋለን አሉ። ኩባንያውም ሙከራ እንዲያደርጉ ፈቀደና ኢስተርና ዶን ዲክሰን በኖርዝ ካሮላይና፥ በሻርሎት ከተማ ሥራውን መሩት። «መርመር» የተባለው ይህ ሸክላ በሚያዝያ 1983 ወጣ። በጀርባው ሥዕል የሚታየው በአቴንስ የነበረ የእንጨት የባቡር ድልድይ ነው። የሮሊንግ ስቶን መጽሔት ሐያስያን የዓመቱ ምርጥ አድርገው መረጡት።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ክርክሩ ስለ ገንዘብ አልነበረም። በአንድ ዘፈን ላይ ድምፅ የመጨመርና የመቀነስ ሥልጣን የማን ነው የሚል ነበር። ይህን ሥልጣን በመጀመሪያው ሥራ ያስነጠቀ ሙዚቀኛ በኋላ ሊያስመልሰው ይቸገራል።

የጓዱ ሕገ ደንብ

ብዙ የሙዚቃ ጓዶች የሚፈርሱት አድማጭ በማጣት አይደለም፤ ገንዘብ ሲመጣ በሚነሣ ጥል ነው። የጥሉ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ የድርሰት ገንዘብ ነው። በሸክላው ላይ ደራሲ ተብሎ የተጻፈው ሰው ዘፈኑ በራዲዮ በተሰማ ቍጥር ክፍያ ሲደርሰው፥ አጠገቡ ቆሞ ከበሮ የመታው ምንም አይደርሰውም። አንዱ ቤት ሲሠራ ሌላው ኪራይ መክፈል ያቅተዋል፤ ከዚያ ወዲያ በአንድ መኪና ተሳፍሮ መጓዝ አስቸጋሪ ነው።

የአቴንስ ወጣቶች ይህን በር ከመጀመሪያው ዘጉት። ዜማውን ማንም ያምጣው ማን፥ ግጥሙን ማንም ይጻፈው ማን፥ የእያንዳንዱ ዘፈን ደራሲ የአራቱም ስም ሆኖ ተጻፈ፤ ገንዘቡም እኩል ተካፈለ። የጓዱን ጉዳይ በሚመለከት ውሳኔም አንዱ ካልተስማማ ነገሩ አይደረግም ነበር። ይህ አሠራር ሥራን ያዘገያል የሚል ይኖር ይሆናል፤ በእርግጥም ያዘገያል። ዳሩ ግን ተሸንፎ ያኰረፈ ሰው በመካከላቸው እንዳይኖር አደረገ።

ሦስተኛው ጥንቃቄያቸው የሕግ አዋቂ በአጠገባቸው መያዛቸው ነው። በርቲስ ዳውንስ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማረ፥ ገና ከመነሻው ሙዚቃቸውን ይሰማ የነበረ ወዳጃቸው ነው። ውሎቻቸውን የሚመረምረው እርሱ ነበረ። ጽሕፈት ቤታቸውም በኒው ዮርክ ወይም በሎስ አንጀለስ ሳይሆን በዚያው በአቴንስ ቆየ። ከዚህም የተነሣ ከኩባንያ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ በቅድሚያ የሚያርፈው ከራሳቸው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነበረ።

በደረጃ ስለ ማደግ

የጓዱ እድገት በአንድ ቀን የመጣ አለመሆኑን በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ ያገኙት ተራ ቍጥር ያስረዳል። በ1983 የወጣው ሸክላ 36ኛ፥ የ1984ቱ 27ኛ፥ የ1985ቱ 28ኛ፥ የ1986ቱ 21ኛ፥ የ1987ቱ 10ኛ፥ የ1988ቱ 12ኛ ሆነ፤ በ1991 የወጣው ግን አንደኛ ወጣ። ከመጀመሪያው የልደት ግብዣ እስከዚህ ድረስ 11 ዓመት አለፈ። በመካከሉ ወደ ኋላ የተመለሱባቸው ዓመታት እንዳሉም ቍጥሩ ራሱ ይናገራል። የመጀመሪያው ሸክላ አንደኛ ካልወጣ ጥሏቸው የሚሄድ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ የ1991ዱን ባላየ ነበር።

በ1988 ከአይ. አር. ኤስ. ጋር የነበራቸው ውል ሲያልቅ ከታላቁ ኩባንያ ከዋርነር ብራዘርስ ጋር ተዋዋሉ። ታናሹ ኩባንያ ከአሜሪካ ውጭ ሸክላቸውን በሚገባ ማድረስ አልቻለም ነበር። እንግዲህ ታላቅ ኩባንያን ለዘለዓለም አልሸሹም፤ የሸሹት ባዶ እጅን ይዞ በታላቅ ኩባንያ ደጅ መቆምን ነው። በ1982 ቢሄዱ ልመና ይሆን ነበር፤ በ1988 ሲሄዱ ግን ስምምነት ሆነ። በሥራቸው ላይ ያላቸውን ሥልጣን እንደ ያዙ ገቡ። የዚህም ፍሬ ከብዙ ዓመት በኋላ ታየ። በዋርነር ዘመን የሠሩትን ሥራ ለሕዝብ ማድረሱን በ2015 በገዛ ፈቃዳቸው ለሌላ ኩባንያ ሰጡት፤ ዋናው ቅጂ በእጃቸው ስለ ነበረ ይህን ማድረግ ቻሉ።

ዝናው ከገነነ በኋላም ከአቴንስ ጋር ያላቸውን ግንኙነት አላቋረጡም። በ1992 ላወጡት ሸክላ ርእስ ያደረጉት በከተማይቱ ከሚገኝ ከአንድ ምግብ ቤት መፈክር የተወሰደ ቃል ነበር።

ያልቀናቸው ናቸውን?

እስካሁን የተናገርነውን የሰማ ሰው «ይህን ያደረገ ሁሉ እንዲሁ ይሳካለታልን?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱን የምናገኘው በዚያው ከተማ፥ በዚያው ዘመን ከነበረው ፓይለን ከተባለው ጓድ ነው። ፓይለንን የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ሲሆኑ፥ በ1979 በሕዝብ ፊት መጫወት ጀመሩ፤ ስለ 40 ዋት አምፑል የጠቀስነው ከርቲስ ክሮውም ከበሮ መቺያቸው ነበረ። በ1980 እና በ1983 ሁለት ረዥም ሸክላ አወጡ፤ ሐያስያንም አመሰገኗቸው። ነገር ግን ሥራው ደስታ መስጠቱን ሲያቆም በ1983 በስምምነት ተለያይተው ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ።

በ1987 ሮሊንግ ስቶን አር. ኢ. ኤም.ን የአሜሪካ ምርጥ የሮክ ጓድ ብሎ በሽፋኑ ሲያወጣ፥ ቢል ቤሪ ማዕረጉ የሚገባው ለፓይለን ነው ብሎ መለሰ። ፓይለንም እንደ ገና ተሰብስበው በ1989 በአር. ኢ. ኤም. የሙዚቃ ጉዞ ላይ አብረው ተጫወቱ። ስለዚህ በአንድ ከተማ፥ በአንድ ዓይነት ኑሮ፥ በተቀራረበ ችሎታ የተነሡ ሁለት ጓዶች አንዱ ሚሊዮን ሸክላ ሲሸጥ ሌላው በጥቂት ሺህ ወዳጆች ልብ ቀረ። ልዩነቱን ችሎታ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ዕድልም አለ፤ ከሁሉም በላይ ግን እያንዳንዱ የሚፈልገው ኑሮ የተለያየ ነበረ። ፓይለኖች የጀመሩትን በፈቃዳቸው ጀመሩ፥ በፈቃዳቸው አቆሙ፤ ዕዳም ጥልም ትተው አልሄዱም። ይህን ውድቀት ብሎ መጥራት አይገባም።

ታላቁ ስኬትም ቢሆን የራሱ ሸክም ነበረው። መጋቢት 1 ቀን 1995 በስዊስ አገር፥ በሎዛን ከተማ፥ ቢል ቤሪ በመድረክ ላይ ሳለ በአንጎሉ የደም ሥር ታመመ፤ በቀዶ ሕክምናም ዳነ። በ1996 ጓዱ ከዋርነር ጋር ያደረገው አዲስ ውል እስከ 80 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ጋዜጦች ጻፉ። ከዚያ ወዲያ የወጡት ሸክላዎች ግን እንደ ቀድሞዎቹ አልተሸጡም። በጥቅምት 1997 ቤሪ ጓዱን ትቶ በአቴንስ አቅራቢያ ወደ እርሻ ሥራ ገባ። መልቀቁ ጓዱን የሚያፈርስ ቢሆን ኖሮ ሊቈይ እንደሚችል ነግሯቸው ነበረ፤ እነርሱም አሰናበቱት። የቀሩት ሦስቱ እስከ መስከረም 2011 ሠርተው በሰላም ተለያዩ። በ2024 አራቱ በኒው ዮርክ በደራስያን የክብር በዓል ላይ አንድ ዘፈን አብረው ተጫወቱ፤ በየካቲት 2025ም በዚያው በአቴንስ፥ በ40 ዋት ክለብ፥ በአንድ መድረክ ታዩ። ከ45 ዓመት በኋላ አራት ሰዎች ያለ ክስና ያለ ቂም ባንድ መድረክ መገናኘታቸው ከ80 ሚሊዮኑ ዶላር ይበልጥ የሚያስገርም ነው።

ዛሬ የተለወጠውና ያልተለወጠው

ከዚያ ዘመን ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ1981 የወላጆችን ጋራዥና ብዙ መሣሪያ የጠየቀው ቀረጻ ዛሬ በአንድ ኮምፒዩተር ይሠራል። ሸክላ ማሳተምና በየሱቁ ማከፋፈል ሳያስፈልግ ዘፈኑ በኢንተርኔት በአንድ ቀን ዓለምን ይዞራል። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች የትንሽ ከተማ ችግር ተፈታ ይላሉ።

ይሁን እንጂ በሩ ለሁሉ ሲከፈት የሚገባውም ሰው በዛ። ስፖቲፋይ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ማሰሚያ ድርጅት ከ2024 ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ክፍያ እንደማያስብ ደንግጓል። አር. ኢ. ኤም. 1,000 ሸክላ አሳትሞ ታሪኩን ሲጀምር፥ የዛሬው ጀማሪ ዘፈኑ 999 ጊዜ ቢደመጥ ምንም አያገኝም ማለት ነው። ስለዚህ ቀረጻው ቢረክስ፥ ማከፋፈሉ ቢቀልል፥ አድማጭ ማፍራት ግን እንደ ጥንቱ ከባድ ነው። አድማጭ የሚፈራው ደግሞ ደጋግሞ በአካል በመታየት፥ በአንድ ከተማ ሠላሳ ሰው፥ በሌላው አምሳ ሰው እያሉ በማከማቸት ነው። የድርሰትና የዋናው ቅጂ መብት መለያየትም ያው ነው፤ የሚፈረመው በወረቀት መሆኑ ቀርቶ በስልክ ላይ በጣት ስለ ሆነ፥ ሳያነቡ መፈረም እንዲያውም ቀልሏል።

አንባብያን ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ልጁ ወይም ታናሽ ወንድሙ መሣሪያ ይዞ ማታ ማታ የሚያስቸግረው አይጠፋም። ለእንዲህ ያለው ወጣት «ተው» ማለትም ሆነ «ወደ ትልቁ ከተማ ሂድ» ማለት ቀላል ነው። ከሁለቱ የሚበልጥ ምክር ግን አለ። ኪራይህ አነስተኛ በሆነበት ስፍራ ተቀምጠህ ሥራህን አሻሽል በሉት። ከባልንጀሮችህ ጋር ገንዘብ ሳይመጣ በፊት ድርሻችሁን ጻፉ በሉት። ወረቀት ሲመጣለትም እናንተ ውል ማንበብ የለመዳችሁ ሰዎች ናችሁና ከአጠገቡ ተቀምጣችሁ አብራችሁ አንብቡለት፤ ድርሰቱ የማን ይሆናል? ዋናው ቅጂ የማን ይሆናል? ውሉ የሚያበቃው መቼ ነው? ብላችሁ ጠይቁለት።

ለመሥሪያ ቤት ሰው ይህ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ ለወጣቱ ግን የዕድሜ ልክ ንብረት ሊሆን ይችላል።